ተጠባባቂ ወንበር ላይም ሥራ አለ

አሜሪካ ሃይስኩል ስማር የትምህርት ቤታችን ቤዝቦል ቡድን ውስጥ ተመርጬ ገባሁ። ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ግን ዘጠኝ ናቸው። እኔ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ነበርኩ። መጫወት በጣም እፈልግ ስለነበር ነገሩ ከብዶኝ ነበር።

ቶሎ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር የአንድ ተጠባባቂ ኩርፊያ እሱ ጋ ብቻ እንደማይቀር ነው። ቤዝቦል ላይ ጎበዝ የሚባለው መቺ እንኳ ከአሥር ሙከራ ሰባቱን ሳይሳካለት ይመለሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደጋውት፣ ማለትም ወደ ተጠባባቂዎች መቀመጫ፣ የሚመጣ ልጅ አለ። መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ የእኛን ፊት ነው። ዝም ካልነው ለሚቀጥለው ተራውም ፍርሃቱን ይዞ ይወጣል።

ግን ማጨብጨብ ብቻውን ሰባት ኢኒንግ (የጨዋታው ዙሮች) ሙሉ አያዘልቅም። ሥራ ያስፈልጋል። እኔ የተጋጣሚን ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ ማጥናት ያዝኩ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ከሆነ ዓይኔ እግሩ ላይ ነው። የኋላ ተረከዙ ቀድሞ ከተነሳ ሯጩን ለማስወጣት ወደ አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም ሯጩ ወደሚቆምበት የመጀመሪያ ጣቢያ፣ ሊወረውር ነው፤ የፊተኛው ከቀደመ ወደ መቺው። በስቶፕዎች (ሰከንድ መለኪያ ሰዓት) ደግሞ መወርወር ከጀመረበት ካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ያለው ኳስ ያዥ፣ ኳሷን እስኪይዝ ድረስ እለካለሁ። ከ1.3 ሰከንድ በላይ ከፈጀበት፣ ለፈጣን ሯጭ ሁለተኛ ቤዝን መስረቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሮጦ መድረስ፣ ይቻላል ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ለምን እንደምነግራችሁ ላስረዳ። በብዙ ክፍላተ ግዛቶች የሃይስኩል ሕግ ፒቸሩ ወይም ካቸሩ ቤዝ ላይ ሲደርስ፣ በዚያ ጨዋታ ገና ያልገባ ተጠባባቂ በምትኩ እንዲሮጥ ይፈቅዳል። እነሱም ከጨዋታው አይወጡም። እናም አንድ ቀን እኩል ለእኩል በነበርንበት የመጨረሻ ኢኒንግ ካቸራችን አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ። ኮች ዞር ብሎ እኔን ጠራኝ። የዚያን ፒቸር ተረከዝ ሙሉ ጨዋታውን ሳየው ነው የዋልኩት። ሁለተኛውን ሰረቅሁ፤ የሚቀጥለው ልጅ ሲመታ ሮጬ ገብቼ ነጥብ አስቆጠርኩ።

በትልቁ ሊግም የታየ ነገር ነው። በ2004 የቦስተን ሬድ ሶክሱ ዴቭ ሮበርትስ በዘጠነኛው ኢኒንግ ተቀይሮ ገብቶ፣ በያንኪሱ ፒቸር በማሪያኖ ሪቬራ ላይ ሁለተኛ ቤዝን ሰረቀ። ቦስተን በያንኪስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ ያንን የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ዙር አሸነፈ።

ከሁሉም የከበደኝ በእኔ ቦታ ለሚሰለፈው ልጅ ያየሁትን መንገር ነበር። ነገርኩት። እሱም በየኢኒንጉ መሃል እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። መሰለፍ ስለምፈልግበት ጉዳይ ግን ኮችን ከልምምድ በኋላ ብቻውን አገኘሁትና «ምን ላሻሽል?» አልኩት። ጨዋታ ላይ ቢሆን መልስ አላገኝም ነበር። ወላጆቼም ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያንን ልጅ አምተውት አያውቁም፤ ይሄ ብዙ ረድቶኛል።

ለአሠልጣኞች አንድ ነገር ልበል። ተጠባባቂዎቹን «አይዟችሁ፣ ተራችሁ ይደርሳል» ብቻ አትበሏቸው። ሥራ ስጧቸው፤ የሠሩትንም ተጠቀሙበት። የኛ ኮች እኛ የመዘገብነውን ለቋሚዎቹ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። ይሄን ከጀመረ በኋላ ስቶፕዎቹን ለመያዝ ሽሚያ ሆነ።