ደርቆ የቆየ ብሩሽ

የማጠቃለያ ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ልታጠብ ቆሜ የጥርስ ብሩሼን ሳነሣው ፀጉሩ ደርቆ ተንጨፍርሮ ነበር። ስንት ቀን እንዳልነካሁት ለማስታወስ ሞክሬ አልቻልኩም። በተቦረሽኩ ጊዜ የተፋሁት አረፋ ደም ቀላቅሎ ወጣ። ያን ሰሞን ለጠየቀኝ ሁሉ «ደኅና ነኝ» እል ነበር፤ ለራሴም ጭምር።

ምልክቱ ቀደም ብሎም ነበር። የዶርም ጓደኛዬ «አንቺ፣ ሌሊት ጥርስሽን ስታፋጪ ጠጠር የምታኝኪ ነው የሚመስለው» ብላኝ በሳቅ አልፌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ጆሮዬ ሥር የሚሰማኝን ሕመም ደግሞ በትራሴ አሳብቤ ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ድዴን ካየች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ግን «ልጄ፣ እንቅልፍ እንዴት ነው?» ብላ ነው። መልስ ስላልነበረኝ አፌን እንደ ከፈትኩ ዝም አልኩ።

ጭንቀት ሲሰነብት ሰውነት የሚያመነጨው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን የመከላከል አቅምን እንደሚያዛባና ድድ በባክቴሪያ በቀላሉ እንዲቆጣ እንደሚያደርግ ከሷ ሰማሁ። እኔ ግን የባሰው መንገድ ከዚህ ይልቅ ተራ የሆነው ይመስለኛል፤ የከፋው ሰው መጀመሪያ የሚተወው ማንም የማያይበትን ነገር ነው። በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደርገው በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩም ዳነላቸው። እነሱ አቁሙ ተብለው ነው፤ እኔን ማን እንዳዘዘኝ አላውቅም።

ሌሊት እያጠናሁ ስኳር የበዛበትን መጠጥ ጠብ ጠብ ማድረጌም ለካ ሌላ ጉዳት ነበረው። የአፍ ባክቴሪያ ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጠዋል፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ (ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲሆን የጥርስ ልባስ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል፤ ምራቅ አሲዱን እስኪያረክሰው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል፤ እኔ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው እንደ አዲስ አስጀምረው ነበር። ጭንቀት ራሱ አፍ ያደርቃል፤ ለድባቴ ከሚታዘዙ መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ምራቅ ይቀንሳሉ።

የከበደኝ ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። አፌ የሚሸት ስለመሰለኝ ክፍል ውስጥ እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ መናገር ተውኩ፤ ቀጥሎም ጥያቄ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ከሰው ጋር ምሳ መብላት። ጭንቀቱ ድዴን አቆሰለው፤ ድዴ ደግሞ ከሰው ለይቶኝ ጭንቀቱን ጨመረው። የትኛው የትኛውን እንደሚስብ ከውስጥ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ሄጄ ስለ ፈተናውና ስለ እንቅልፌ ሁሉን አወራኋት። ስለ ጥርሴ ግን የሚመለከታት ስላልመሰለኝ ምንም ሳልላት ወጣሁ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ከብሩሹ እጀምርላታለሁ።