«አትጠጣ» የሚል ሰው የሌለበት ስብሰባ

ወንድሜን ከመጠጥ ለማላቀቅ ቤተሰባችን ያልሞከረው የለም። ሽማግሌ ተልኮበታል። ጠበል ተወስዷል። አዲስ አበባ እያለ ንስሐ አባታችን ፊት «ዓመት ሙሉ አልቀምስም» ብሎ ተገዝቶ፣ ግዝቱ ባለቀ ማግስት የዓመቱን ባንድ ቀን ያካካሰበት ጊዜም አለ። እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣ በኋላ ደግሞ ተራው የእኔ ሆነ። ምክር፣ ለቅሶ፣ ኩርፊያ። ሁላችንም የምንመክረው ከልባችን ነበር። ግን ከመካሪዎቹ አንድም ሰው ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ ተነስቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይሄዳል፤ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ስማቸውን ሳያወጡ ተሰብስበው የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው። ሰው ባጭሩ ኤኤ ነው የሚለው። የወሰደው አብሮት ፓርኪንግ የሚሠራ ልጅ ነው። አንድ ቀን እኔንም ይዞኝ ሄደ። ዝግ የሚባለው ስብሰባ ለራሳቸው ብቻ ነው፤ ክፍት በሚባለው ላይ ግን እንደኔ ያለ ቤተሰብም መቀመጥ ይችላል።

ቦታው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ታጣፊ ወንበር፣ የሱፐርማርኬት ኩኪስ፣ ሐበሻ ባይቀምሰው የሚሻል ቀጭን ቡና። አንድ ሽበታም ቧንቧ ሠራተኛ ስሙን ብቻ ተናግሮ «አልኮሆሊክ ነኝ» አለ። ቤቱ በሙሉ በስሙ ሰላም አለው። ከዚያ የገዛ ልጁ ሠርግ ሲደገስ መኪናው ውስጥ ሰክሮ ተኝቶ እንደነበር አወራ። ሰው ሳቀ! ደነገጥኩ። ዞር ስል ወንድሜም ይስቃል። የፌዝ ሳቅ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ «እኔም ነበርኩበት» ማለታቸው ነው። ማንም አልመከረው፣ ማንም አልገሠጸው። ተራው ወደሚቀጥለው አለፈ። መዋጮ ሲዞር ቦርሳዬን ልከፍት ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ። የሚያዋጡት አባላቱ ብቻ ናቸው፣ ከውጭ ሰው አይቀበሉም።

እንዴት እንደተጀመረ ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ቢል ዊልሰን የሚባል ኒውዮርክ በአክሲዮን ሥራ ላይ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1934 መጨረሻ መጠጥ አቆመ። ከዚያ ለወራት ጠጪ እያሳደደ ሰበከ። አንድም ሰው አልዳነለትም። ሚስቱ ሎይስ ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ እሱ ራሱ አልጠጣም። ሜይ 1935 ላይ ለሥራ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ጉዳዩ ሲከሽፍበት፣ የሆቴሉ ባር ይጠራው ጀመር። ስልክ አነሳና የሚያናግረው ጠጪ እንዲፈልጉለት ቤተ ክርስቲያን ደወለ። በሰው በሰው ተያይዞ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ «15 ደቂቃ ብቻ» ብሎ መጥቶ ከ6 ሰዓት በላይ ተቀመጠ። የሰከረ ሰው ሊያድን ብቻ አልነበረም ቢል የደወለው። እንዳይጠጣ ሰው ቸግሮት ነው።

እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ነበር። የእኛን ምክር ወንድሜ የሚሰማው እንደ ውለታ ነው፤ ሲወድቅ ደግሞ በይሉኝታ ይደበቃል። ያ ቧንቧ ሠራተኛ ዛሬ ስፖንሰሩ፣ ማለትም ቀድሞት ያቆመና መንገዱን የሚያሳየው ሰው ነው፤ ውድቅት ላይ ቢደውልለት እንኳ ሰውዬው ያመሰግነዋል፣ ምክንያቱም እሱንም የሚያቆመው ያ ስልክ ነው። ወንድሜንም ገና አዲስ እያለ ቡና እንዲያፈላ መደቡት። እናታችን በስልክ ሰምታ «አሜሪካ ድረስ ሄዶ ቡና አፍሊ ሆነ?» አለች። ሆነ። እሱ ቀድሞ ካልደረሰ ቡና የለም፣ ስለዚህ አይቀርም።

ፍቱን ነው ወይ ለሚል፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2020 ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን አይቷል። ሰውን ከኤኤ ጋር የሚያገናኙ የሕክምና ፕሮግራሞች ጨርሶ ባለመጠጣት በኩል ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች በልጠው ተገኝተዋል። ሁሉም ሰው ይወደዋል ማለት ግን አይደለም። የኤኤ አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች ውስጥ እግዚአብሔር በተደጋጋሚ ይጠራል፤ ለወንድሜ ተመችቶታል፣ አንድ የማውቀው ልጅ ግን በዚሁ ምክንያት ጥሎ ወጥቷል። ደግሞ አደራ፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ብዙ ሐበሻ የሚፈራው ወሬውን ነው። «የማውቀው ሰው ባገኝስ?» ይላል። ብታገኘው እሱም ለዚያው ነው የመጣው። ስም ሙሉ አይጠየቅም፣ መዝገብ የለም፣ እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል።

ለቤተሰብ ደግሞ አል አኖን የሚባል አለ። ሎይስና አንዲት ጓደኛዋ በ1951 ያቋቋሙት ነው። እኔ የሄድኩት የወንድሜን ጉዳይ ላወራ ነበር፤ እዚያ የጠየቁኝ ግን እኔ እንዴት እንደምተኛ ነው። መልስ አልነበረኝም። አሁን ሐሙስ ማታ እኔም ስብሰባ አለኝ፣ ልጆቼን ወንድሜ ይጠብቅልኛል።