ከጊታር ወደ ባስ የወረደ ጆሮ

በጎረምሳነቴ ሮክ ማለት ለእኔ ጊታር ብቻ ነበር። ዘፋኙ ከሚለው ግማሹ አይገባኝም። ከበሮው ይጮሃል፣ ይበቃዋል። ባስ ጊታር፣ ያንን ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ፣ የሚጫወተውን ሰውዬ የማውቀው ፖስተር ላይ ቆሞ ስለማየው ነው። ሶሎው ሲመጣ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በባዶ እጄ ጊታር እመታለሁ። እናቴ ደግሞ ከሳሎን «ኧረ በማርያም፣ ዝጋልኝ ይሄን ጩኸት!» ትላለች።

ያኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሜታሊካ የተባለውን የሮክ ባንድ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን። ዛሬ እስከ መጨረሻው መስማት ይከብደኛል። ዕድሜ ጨዋ ስላደረገኝ አይደለም። ባሱ የለም! ጄሰን ኒውስተድ ተጫውቷል፤ ድምፆቹ ሲቀላቀሉ (ሚክስ ሲደረግ) ግን ድምፁን ቀብረውታል። በሮክ ወዳጆች ዘንድ እስካሁን የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ባሱን ከፍ አድርገው እንደገና ያቀናበሩት አድናቂዎች ሁሉ አሉ።

ያኔ ለምን አልታወቀኝም? ከተቀዳ ላይ የተቀዳ ካሴት ነዋ የምሰማው፤ ያውም በዋክማን፣ አንድ ጎኑ በሞተ ኤርፎን። በዚያ ዕቃ ላይ የየትኛውም ባንድ ባስ አይሰማም። ስለዚህ ሰዎች «የሙዚቃ ጣዕምህ በሰለ» ሲሉኝ ትንሽ እስቃለሁ። የብስለቴ ግማሹ ደህና ስፒከር መግዛቴ ነው።

ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ ላይ ለውጡ ይበልጥ ይታየኛል። መጀመሪያ የወደድኳቸው በጊታሪስቱ በቶኒ አዮሚ ምክንያት ነው። ታሪኩ ራሱ ያሳብዳል። በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክሩን የሚጫነው በዚያ እጅ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። ኋላ ላይ ክሮቹን አላላቸው፤ ድምፁም ወፍራምና ከባድ ሆነ። ለአንድ ጎረምሳ ከዚህ የበለጠ ጀግና ከየት ይመጣል?

አሁን እነዚያኑ አልበሞች ስከፍት ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ቢል ዋርድ ነው፣ ወደ ከበሮው። ሰውዬው ጃዝ እየሰማ ያደገ ነው፤ ያስታውቃል። ዝም ብሎ አይደበድብም፣ ያወዛውዛል። የጊዘር በትለር ባስም ጊታሩን ተከትሎ ብቻ አይሄድም፤ የራሱን መንገድ ይይዝና መልሶ ይገናኘዋል። በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. አራቱ በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ዘፋኙን ኦዚ ኦዝቦርንን ነበር የሚያየው፤ ተገቢም ነው፣ በዚያው ወር አረፈ። እኔ ግን ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር ዋርድን እፈልጋለሁ። ከእነሱ ጋር ሲጫወት ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

የጣልኳቸውም አሉ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በወላጆቻቸው ላይ የሚጮሁ ባንዶች በዝተው ነበር፤ አብሬ ጮኬያለሁ። አባት ከሆንኩ ወዲህ ግን እነዚያ ዘፈኖች ምቾት አይሰጡኝም። ተከሳሹ እኔ ነኛ!

ከበሮና ባስ መከተል የጀመረ ሰው ግን የት እንደሚደርስ አይታወቅም። እኔን ያደረሰኝ ዘ ኤክስ ከተባሉ የሆላንድ ፓንኮች (ጥሬና አመጸኛ ሮክ የሚጫወቱ) ዘንድ ነው። እነሱ በ2006 እ.ኤ.አ. ከጌታቸው መኩሪያ ጋር «ሞአ አንበሳ» የሚል አልበም አወጡ። ጋሽ ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ነው፤ ያውም እነዚህ ፓንኮች ባንድ ከመመሥረታቸው ከብዙ ዓመት በፊት። ለእኔ ግን የአባቶቻችን ሙዚቃ ነበር፣ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ የሚታለፍ። እዚህ አልበም ላይ ጊታሮቹ ከሥር እየቧጨሩ ሲገፉት ሽማግሌው አንዲት እርምጃ አይለቅላቸውም። ሳክስፎኑ ይሻክራል፣ ይፎክራል፣ ይሳደባል ማለት ይቻላል። የስንቱን ጊታሪስት ዲስቶርሽን፣ ያንን የሻከረ የጊታር ድምፅ፣ ሳሳድድ የኖርኩት ይህን ድምፅ ፍለጋ ነበር እንዴ፣ አልኩ።

ጓደኞቼ «በቃ ወደ ባህልህ ተመለስክ» ይሉኛል። አልቀበልም። እዚያ ያደረሱኝ ፓንኮች ናቸው። አሁን ደግሞ የራሳቸውን የድሮ አልበሞች ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየቆፈርኩ ነው፤ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ጆሮ ይበሳሉ፣ ባሱ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።