ጂኑ የዓድዋ ዋዜማ ሆነ

አዳማ ውስጥ መድኃኒት ተሸካሚ ሊፖሶም የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ የምርምር ቡድን አለ። ወደ 100 ናኖሜትር የሚጠጉ የቅባት ኳሶችን ሠርቶ ውጭ አገር ላለ ተባባሪ ላብራቶሪ ይልካል። እዚያ ሊፖሶሙ በሽታ ተከላካይ ከሆኑት የሰው ዴንድሪቲክ ሴሎች ጋር 24 ሰዓት ያድርና የሴሎቹ አር ኤን ኤ ተነብቦ ሰንጠረዥ ይመለሳል፤ በግራ የጂን ስም፣ ቀጥሎ ስድስት ዓምድ፣ ሦስቱ ሊፖሶም ያልነካቸው፣ ሦስቱ የነካቸው። ይህን የመተንተን ሥራ የተሰጠው ፋርማሲ ተምራ ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ ለምትለማመድ ወጣት ነበር።

ፋይሉ በሲኤስቪ መጣ። የዓምዶቹ ርዕስ በኮድ ስለነበር ሁለቴ ጠቅ አድርጋ በኤክሴል ከፈተችው፣ ስድስቱን ርዕሶች ቀየረች፣ ሴቭ ብላ ዘጋች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አር የሚባለው የትንተና ፕሮግራም ላይ ልታስገባው ስትል ግን «የረድፍ ስም መደገም አይችልም» የሚል ቀይ መልእክት ወጣ። ብትፈልግ «1-ማር» የሚል ረድፍ ሁለት ቦታ፣ «2-ማር» የሚልም ሁለት ቦታ አገኘች። ቀን ጂን አይሆን ነገር! ቆሻሻ ነው ብላ አራቱንም ረድፎች ሰረዘች። መልእክቱ ጠፋ፣ የጂን ንባብ የሚያወዳድረው ዲሴክ2 ሠራ፣ ግራፉም አማረ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ኤክሴልን ይራገማል። የኤክሴል ጠባይ ግን ድሮም የታወቀ ነው። ማርች1 የሚለው የጂን ስም በላቲን ሲጻፍ ከወሩ ስም ጋር አንድ ስለሆነ ወደ ማርች 1 ቀን ይለውጠዋል፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22፣ የዓድዋ ዋዜማ መሆኑ ነው። ማርክ1 የሚባል ሌላ ጂንም እዚያው ቀን ላይ ይወድቃል፤ የስም መደጋገሙ የመጣው ከዚህ ነው። ሴፕት2 ሴፕቴምበር 2፣ ዴክ1 ዲሴምበር 1 ይሆናሉ። ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ብትመልሰው ስሙ አይመለስም፤ ፋይሉ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2024 ከሆነ በማርች1 ፋንታ 45352 የሚል ቁጥር ታያለህ። የአይጥ ጂን የሚያጠኑ ደግሞ 2310009ኢ13 ዓይነት መለያ 2.31ኢ+19 ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ጣጣ የተነሳ የሰው ጂን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ 27 ያህል ስሞችን ቀይሯል፤ ማርች1 ማርችኤፍ1፣ ሴፕት2 ሴፕቲን2 ሆነዋል፤ መመሪያውም በ2020 ወጥቷል። ማይክሮሶፍት ልወጣውን ማጥፊያ ምርጫ ለሁሉም የጨመረው በ2023 ነው። ተባባሪው ላብራቶሪ የተጠቀመው ግን የስም ለውጡ ያልደረሰበትን የድሮ የጂን ዝርዝር ነበር።

ስለዚህ ጥፋቱን ከፈለጉ መሰረዙ ላይ ነው። ያ ቀይ መልእክት ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ምክንያቱም ኤክሴል ስም ይለውጣል እንጂ ረድፍ አይቀንስም። ረድፍ ቆጥሮ ማመሳከር፣ ሁሉም ሰልጣኝ መጀመሪያ የሚማረው ፍተሻ፣ እዚህ ላይ ምንም አይዝም።

ውጤቱ በቀረበ ዕለት የሴል መነቃቃት ምልክት የሆኑት ሲዲ86 እና አይኤል6 የሚባሉ ጂኖች ጨምረው ታዩ። «ቀመራችን በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ያነቃቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስላይዱ ላይ ተጽፎ ነበር። ከሊፖሶም ሠሪዎቹ አንጋፋው ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያዩ ቆዩና፣

«ማርች1 የት ገባ?»

«የለም ዶክተር። ምናልባት አልተነበበ ይሆናል።»

«ዴንድሪቲክ ሴል ላይ? ኧረ ተይ፣ እንደገና እይው።»

የጠየቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ማርች1 ኤምኤችሲ ክፍል 2ን (የባዕድ ነገር ቁራጭ ለሌሎች ሴሎች የሚያሳየውን ፕሮቲን) እና ሲዲ86ን ከሴሉ ገጽ እየሳበ የሚያስወግድ ፕሮቲን ነው። ሴሉ ባክቴሪያ የመጣ መስሎት ሲበስል ማርች1 ይወርዳል፣ እነዚያ ሁለቱ ገጹ ላይ ይበረክታሉ። ሲዲ86 ከፍ ብሎ ማርች1 ጨርሶ ከሌለ አንድ ነገር ጎድሏል።

የመጀመሪያው ፋይል ኢሜይል ውስጥ ነበር። የፋይል የጣት አሻራ የሚሆነው ኤምዲ5 ሲወጣለት ከተተነተነው ጋር አልገጠመም። ጎን ለጎን ሲታዩ 27 ስሞች ተለውጠዋል፤ አራቱ ተሰርዘው፣ 23ቱ የቀን ስም ይዘው እስከ ውጤቱ ሰንጠረዥ ዘልቀዋል። «7-ሴፕ» የሚባል «ጂን» ስላይዱ ላይ ቁጭ ብሎ ማንም ልብ አላለውም።

ማስተካከያው አጭር ነው። የመጣው ፋይል ማንበብ ብቻ እንዲቻል ተቆልፎ ይቀመጣል። የዓምድ ርዕስ የሚቀየረው አር ውስጥ በኮድ ነው። የግድ በኤክሴል መታየት ካለበት ከ«ዳታ» ትር ገብቶ፣ የስሙን ዓምድ «ጽሑፍ» ብሎ ማስገባት እንጂ ሁለቴ ጠቅ አይደረግም። ከትንተናው በፊትም በአኃዝ የሚጀምር የጂን ስም ካለ መፈለግ፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ኢኤንኤስጂ ብሎ በ11 አኃዝ የሚያልቀውን የኤንሴምብል (የጂን መረጃ ቋት) መለያ መጠቀም ነው። ከነጥብ በኋላ ያለው የእትም ቁጥር ካልተቆረጠ ግን ሌላ ሰንጠረዥ ላይ ሲፈለግ አይገጥምም፤ ይህም የራሱን አንድ ቀን ይበላል።

ትንተናው ሲደገም ማርች1 ወርዶ ተገኘ። ይኸኔ ነው ነገሩ ከኮምፒውተሩ ወደ ላብራቶሪው የዞረው፤ መልኩ በሙሉ ኢንዶቶክሲን፣ ማለትም ከባክቴሪያ ሽፋን የሚመጣ መርዝ፣ ሴል ላይ የሚያሳርፈውን ምልክት ሆነ። የኤሌክትሪክ ሙሌት የሌለው ሊፖሶም ብቻውን እንዲህ ያስቆጣል ተብሎ አይጠበቅም። ፍሪጅ ውስጥ የቀረው ናሙና ኤልኤኤል በሚባለው የኢንዶቶክሲን መለኪያ ተመረመረ። ቅባት ኢንዶቶክሲንን ስለሚሸፍን የታወቀ መጠን ጨምሮ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚነበብ ማየት ግድ ነው፤ ከ50 እስከ 200 በመቶ ካልሆነ ንባቡ አይታመንም። ሳይቀጠን አልተመለሰም፣ መቶ እጥፍ ሲቀጠን ተመለሰ፤ ኢንዶቶክሲኑም ተገኘ። የቅባቱ ስስ ሽፋን በውኃ የሚርስበት ክብ ብልቃጥ በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ያ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋም፤ 0.22 ማይክሮን ማጣሪያም አያስቀረውም። ብርጭቆው አሁን በ250 ዲግሪ ደረቅ ምድጃ 30 ደቂቃ ይቆያል።

ሁለተኛው ዙር ናሙና ሲላክ ሣጥኑ ውስጥ በወጣቷ እጅ የተጻፈ ወረቀት አብሮ ሄደ፦ ሰንጠረዡ በኤንሴምብል መለያ፣ ከኤምዲ5 ጋር ይላክልን።