ጥቁር ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ቤተኛ እንዲሆኑ፦ ከግብዣው በፊት የሚሠራው ሥራ

በአሜሪካና በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ለጥቁር ተማሪዎች የእንኳን ደህና መጣችሁ ግብዣ ይደረጋል። ምግብ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ዲኑ አጭር ንግግር ያደርጋሉ፣ ፎቶ ይነሣል። ግብዣውን የሚጠላ የለም፤ ክፋቱ የዓመቱ ገንዘብና ጉልበት አብዛኛው እዚያው ማለቁ ነው። ተማሪው «እዚህ ቦታ የለኝም» ብሎ የሚወስነው ግን በዚያ ምሽት አይደለም። የመጀመሪያው የካልኩለስ ወይም የኬሚስትሪ ፈተና ታርሞ ሲመለስ ነው፤ አለዚያም ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሊመዘገብ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት «ያልተከፈለ ሒሳብ ስላለብዎት መመዝገብ አይችሉም» የሚለውን ሲያነብ ነው። ሥራው ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች ይጀመር ባይ ነኝ።

ስለ ፈተናው ከተነሣ፣ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሒሳብ ሊቁ ዩሪ ትራይስማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሠሩትን የሚያህል ትምህርት የለም። ጥቁር ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ሲጠየቁ መምህራኑ መልሱ በእጃቸው ነበር፦ ፍላጎት የላቸውም፣ ከሁለተኛ ደረጃ ደክመው ነው የመጡት፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድህነት ነው። ትራይስማን ግን 20 ጥቁርና 20 ቻይና አሜሪካዊ ተማሪዎችን ይዘው በሚያጠኑበት ቦታ ድረስ ተከተሏቸው። ከተባለው አንዱም አልሆነም። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ይሠራሉ፣ ክፍል አይቀሩም፣ የቤት ሥራ ያስረክባሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ነው የሚያጠኑት። ጓደኛ ሌላ፣ ጥናት ሌላ ነበር። ቻይናውያኑ ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ሠርተው ማታ ይሰበሰቡና አንዱ የሌላውን መልስ ያርማል። ሁሉም የተሳሳቱበት ጥያቄ ካለ ጥያቄው ራሱ ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ። ብቻውን የሚያጠናው ግን ያቺኑ ጥያቄ ሲስት «እኔ ነኝ ደካማው» ብሎ ይደመድማል።

ከዚያ የተፈጠረው የቡድን ጥናት ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ማቋቋም ለሚፈልግ መልኩ ይህን ይመስላል። ከ20 እስከ 25 ተማሪ፣ በአንድ ጠረጴዛ አራት ወይም አምስት ሆነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት። ሁሉም አንድ የካልኩለስ ክፍል የተመዘገቡ ቢሆኑ ይመረጣል። በጠረጴዛው ላይ ከቤት ሥራው ከበድ ያሉ ከስድስት እስከ ስምንት ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ይቀመጣል። የሚመራው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ ይከፈለዋል። ሥራው እየዞረ መጠየቅ ነው፦ «ይህን መስመር ለምን እንዲህ ጻፍከው? ለጎንህ አስረዳው።» ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳ ላይ ማስተማር ከጀመረ ነገሩ አለቀ፤ ተማሪው እጁን አጣጥፎ ያዳምጣል፣ የጠረጴዛው ወሬ ይሞታል።

የሚበላሽባቸው ሌሎች መንገዶችም የታወቁ ናቸው። አንደኛው ስሙ ነው። «ለደካማ ተማሪዎች ማጠናከሪያ» ከተባለ፣ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ልጅ ደጁን አይረግጥም፤ ትራይስማን የጎበዞች ፕሮግራም አድርገው ያቀረቡት ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ጥያቄዎቹን ማቅለል ነው። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብዙው ተማሪ ሥራ ላይ ነው። አራተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ተማሪው ከወደቀ በኋላ መጥራት ነው። ጥሪው ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት፣ ከኮርስ ምዝገባው ጋር አብሮ ይሂድ። አንድ ክሬዲት ቢኖረው ደግሞ ተማሪውም ዲፓርትመንቱም ከቁም ነገር ይቆጥሩታል። በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ፍሪማን ህራቦውስኪ ከሮበርትና ከጄን ማየርሆፍ ጋር ሳይንስ ለሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች የጀመሩት የማየርሆፍ ስኮላርሺፕም ይህንኑ አስቀድሞ ነው የሚሠራው፦ ተማሪዎቹ ኮሌጅ ሳይገቡ በክረምቱ ዕረፍት ስድስት ሳምንት አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይኖራሉ። ትምህርት ሲከፈት ብቻውን የሚያጠና የለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2011 የጀመረው አሠራር ለሌላው አርአያ ሆኗል። ትምህርቱን በሚገባ እየሄደበት ያለ፣ ለመመረቅም የተቃረበ ተማሪ ለጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ሲል ከምዝገባ ይሰረዝ ነበር። ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን ራሱ አገላብጦ እነዚህን ተማሪዎች ይለይና ጎዶሏቸውን ይሞላል፤ ተማሪው ማመልከቻ አይጽፍም። ፍሬ ነገሩ ማመልከቻ አለመኖሩ ነው። ቅጽ አስሞልቶ፣ የችግር ታሪክ አስጽፎ፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤ አስመጥቶ በኮሚቴ የሚወስን የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው የቢሮ ቋንቋ ለሚያውቅ ተማሪ ነው፤ ያውም የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ። ትንሽ ለመጀመር 25,000 ዶላር ይበቃል፤ ለአንድ ተማሪ እስከ 1,000 ዶላር ቢታሰብ 25 ሰው ያስመዘግባል። ስሞቹ ከሬጅስትራሩ መውጣት ያለባቸው ባልከፈሉ ተማሪዎች ላይ ስረዛው ሊካሄድ አሥር ቀን ሲቀረው ነው። የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ (ፋይናንሺያል ኤይድ) ቢሮውንም አስቀድሞ ማነጋገር ግድ ነው፤ አለዚያ የሰጠኸውን ግራንት ከተማሪው ሌላ እርዳታ ላይ ሊቀንስበት ይችላል።

«መንፈስን ማበረታታት» የሚባለውስ? ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ግሬግ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ ነባር ተማሪዎች «መጀመሪያ ሁላችንም ባይተዋር ነበርን፣ በኋላ ለመድነው» ያሉትን አንብበው የራሳቸውን እንዲጽፉ ተደረገ። በሦስት ዓመት ውስጥ በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የነበረው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ። ወሬው ሲሰማ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ርካሽ መድኃኒት ያገኘ መሰለው። በ2023 ግን በ22 ተቋማት በ26,911 ተማሪዎች ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናት ሲወጣ፣ መልእክቱ የሠራው ተማሪው እውነትም ቤተኛ የመሆን ዕድል ባገኘበት ግቢ ሆኖ ተገኘ። «ትለምደዋለህ» ተብሎ የሚለምደው ነገር ከሌለ ጽሑፉ ብቻውን ምን ያደርግለታል?

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማን እንደሚቆጠር ማወቅ ያሻል። በአሜሪካ ፌዴራል ሪፖርት ላይ በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ዘሩ ሳይጠየቅ «የውጭ ዜጋ» በሚለው ይመዘገባል። ሁለት ዘር የመረጠው «ሁለትና ከዚያ በላይ» ውስጥ ይገባል፤ ጥቁርም ሂስፓኒክም የሆነው ሂስፓኒክ ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ ፕሮግራም የሚያቅድ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣውን ልጅ ጨርሶ አያየውም። ሬጅስትራሩን ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ በመግቢያ ኮርሶች ዲ፣ ኤፍ ያገኙና ያቋረጡ ስንት ናቸው፤ ከመጀመሪያ ዓመት ወደ ሁለተኛ ያለፉ ስንት ናቸው፤ በሒሳብ ዕዳ የተያዙ ስንት ናቸው። ቁጥሩ ከ10 ካነሰ የሦስት ዓመቱን መደመር ነው፤ አለዚያ የእነማን እንደሆነ ይታወቃል።

በ2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» በሚለው ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን ገብቷል። እግረ መንገዴን ለሐበሻ ወላጆችና ተማሪዎች፦ «ይሄ የነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚለው አያዛልቅም፤ የካልኩለሱ መምህርም ሆነ የግቢው ፖሊስ ማን ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። በ1934 ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህሩ ሊዮ ሃንስቤሪ ስለ ኢትዮጵያ የሚሠራ የጥናት ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ እዚያው ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን አብረዋቸው ነበሩ። በሌላ በኩል ጥቁር ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማቀድም ስሕተት ነው። ቅድመ አያቶቹ በባርነት የተያዙበት የአላባማ ልጅ፣ የካሪቢያን ልጅና ባለፈው ዓመት የመጣ የስደተኛ ልጅ የሚቸገሩበት ይለያያል።

ሕጉንም ሳያዩ መነሣት ያስወቅሳል። ተማሪ ሲመረጥ ዘርን ማየት የከለከለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጁን 2023 ውሳኔ የተነሣው በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ቅበላ ላይ ነው፤ ብዙ የሕግ ቢሮዎች ግን ስኮላርሺፑንም በዚያው ዓይን አይተውታል። በቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የብዝኃነት ቢሮ እንዳይኖረው ተከልክሏል፤ የተማሪ ማኅበራት፣ የክፍል ትምህርትና ምርምር ግን ከክልከላው ውጭ ናቸው። ለዚህ ነው የተማሪ ማኅበርን ጠንካራ ማድረግ የሚያስፈልገው፦ የራሱ ሒሳብ፣ የተጻፈ ደንብ፣ በሚያዝያ የተመረጠና ክረምቱን የሚዘጋጅ አመራር። የካልኩለሱ ቡድንም ሆነ የዕዳው ፈንድ ለሁሉም ክፍት ሆኖ መሥራት ይችላል። ማየርሆፍ ራሱ በ1996 ለሁሉም ከተከፈተ ወዲህ ሥራው አልተዳከመም። የካናዳው መንገድ ሌላ ነው፤ እዚያ በኖቬምበር 2021 ከ40 በላይ ተቋማት በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት ለመዋጋት የወጣውን የስካርቦሮ ቻርተር ፈርመው ተጠያቂነትን ከአራቱ መርሆች አንዱ አድርገዋል።

ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ነገር ድካሙን የሚሸከመው ማነው የሚለው ነው። በአንድ ዲፓርትመንት አንዲት ጥቁር መምህርት ካለች፣ የተጨነቀ ተማሪ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው፤ ኮሚቴው ሁሉ እሷን ይጠራል፤ ለማዕረግ ዕድገት ሲታይ ግን ይህ ሁሉ አይቆጠርም። መፍትሔው ምስጋና አይደለም፤ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ቀንሶላት በሥራ ድርሻዋ ላይ መጻፍ ነው። ነባር ተማሪ አዲሱን እንዲመክር ከተፈለገም ይከፈለው፤ ከስድስት በላይ አይሰጠው፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የሚገናኙበት ቀን አስቀድሞ ይያዝ። በነጻ የሚሠራ መካሪ አጋማሽ ፈተና ሲደርስ ይጠፋል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

የቀሩት ትንንሽ ይመስላሉ። በታንክስጊቪንግና በገና ዕረፍት ዶርሙ ይዘጋል፣ ካፍቴሪያውም አብሮ ይዘጋል፤ ቤቱ ሩቅ ለሆነ ተማሪ አንድ ሕንፃ ክፍት ይሁን፣ የምግብ ካርዱም ይሥራ። የምክር አገልግሎቱ የስንት ሳምንት ወረፋ እንዳለው ይታወቅ። ለጥቁር ተማሪዎች ማዕከል የሚሰጠው ክፍል ምድር ቤት ከሆነና በአሥራ አንድ ሰዓት ከተዘጋ፣ ማታ የሚያጠናው ሰው የት ይሂድ?

በመጨረሻ በጀቱ። አብዛኛው ፕሮግራም የሚሞተው ያቋቋመው ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም የሦስት ዓመቱ ስጦታ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓመት ሳያልቅ፣ ከሬጅስትራሩ የመጡትን ሦስት ቁጥሮች ይዞ፣ የመሪዎቹ ደመወዝና የዕዳው ፈንድ በዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት የራሳቸው መስመር እንዲኖራቸው መጠየቅ ነው። የሚጠየቁት ደግሞ የትምህርት ጉዳዮች የበላይ ኃላፊው፣ ፕሮቮስቱ ናቸው፤ ጊዜው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከመዘጋቱ ሦስት ወር ቀድሞ ነው።