የድሮ አውቶካድ ላይሰንስ ኤረር ሲያመጣ፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

አውቶካድ፣ ፕላን የምንስልበት ፕሮግራም፣ ገና ሲከፈት «ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) አላገኘሁም» ብሎ ከተዘጋ፣ እኛ ቢሮ መፍትሔው አንድ ነው፤ ፎርማት! ኮምፒውተሩ ቀስ ካለ ፎርማት፣ ፕሪንተሩ ካኮረፈም ፎርማት። ለሌላው ይሁን። በድሮ አውቶካድ ግን ቀልድ አይደለም። አምራቹ አውቶዴስክ ከ2021 ጀምሮ ለ2010 እና ከዚያ በፊት ለወጡት ቨርዥኖች ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን የአክቲቬሽን ኮድ መስጠት አቁሟል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በገዛ እጃችሁ ካጠፋችሁት ዲስኩ እጃችሁ ላይ ይቀራል እንጂ መልሶ አይነሳም። እኔም የላይሰንስ ፋይል ማንበብ የጀመርኩት ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ የማወራው በገንዘብ ስለተገዛ ላይሰንስ ነው። ክራክ የተደረገውን (ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሰራውን) መመርመር ትርፉ ድካም ነው። ግማሹን ፋይል አንቲቫይረሱ በልቶታል፣ የቀረውን ክራኩ ራሱ ቀይሮታል።

የኛ 2012 ቨርዥን ነው፤ በኔትወርክ የሚሰራው። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ሰርቨር ሆኖ ለሌሎቹ ላይሰንስ ያድላል። ከጀርባ ያለው ፍሌክስኔት የሚባለው ሲስተም ነው፤ የድሮ ሰዎች ፍሌክስኤልኤም ይሉታል። የማሽን ዲዛይን ፕሮግራሙ ሶሊድወርክስ በኔትወርክ ሲሆን፣ የካርታ ፕሮግራሙ አርክጂአይኤስ 10ም እንዲሁ በዚሁ ነው የሚሄዱት። የኤረር ቁጥሮቹን አንዴ የለመደ ሰርቬየር ሌላም ቦታ ይጠቀምባቸዋል።

የላይሰንስ ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ከላይ «ሰርቨር» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የኮምፒውተሩ ስም፣ የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድሬስ (የካርዱ መለያ) ያለ ሰረዝ በ12 ፊደልና ቁጥር፣ አንዳንዴም ፖርት (ሰርቨሩ የሚገናኝበት በር ቁጥር) ተጽፏል። ቀጥሎ «ቬንደር» የሚለው መስመር አድስክፍሌክስ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠራል። ከስር ያሉት ረጃጅም መስመሮች የትኛው ምርት፣ ለስንት ሰው፣ እስከ መቼ እንደሆነ ይናገራሉ፤ መጨረሻቸው ላይ ፊርማ አለ። እናንተ መቀየር የምትችሉት የኮምፒውተሩን ስምና ፖርቱን ነው። ማክ አድሬሱን ወይም የሰዉን ቁጥር ከነካችሁ ፊርማው አይገጥምም፤ ማይነስ 8 የሚል ኤረር ይመጣል። 5 የሚለውን 50 ላድርገው ብሎ ያሰበ ካለ ይተወው፤ እሱን አስበውበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምዴ። የሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ እየተቆራረጠ አስቸግሮ ስለነበር ጥገና የሚሰራልን ልጅ በአዲስ ቀየረው። ኢንተርኔቱ ሸጋ ሆነ። አውቶካድ ግን በሁሉም ጠረጴዛ ላይ ማይነስ 97 ማለት ጀመረ። ትርጉሙ ሰርቨሩ አለ፣ ላይሰንሱን የሚያድለው አድስክፍሌክስ ግን አልተነሳም ማለት ነው። ፎርማት የሚሉ ድምፆች መሰማታቸው አልቀረም። እኔ ሰርቨሩ ላይ ኤልኤምቱልስን (የፍሌክስኔት ሰርቨር መቆጣጠሪያውን) ከፍቼ ሎጉን፣ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ በሰርቨር መስመሩ ላይ ያለው ሆስት አይዲ (ማክ አድሬሱ ማለት ነው) ስህተት ነው ይላል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለውንና ማሽኑ ላይ ያገኘውን ሁለቱንም ቁጥር ያሳያል። ወረቀት ላይ አንዱን ከአንዱ ስር ጻፍኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት እንኳን አይመሳሰሉም። እነዚያ ስድስቱ የካርዱን አምራች የሚያመለክቱ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ የካርዱ መቀየር እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስቸገረኝም።

ደግነቱ አሮጌው ካርድ አልተጣለም፤ መሳቢያ ውስጥ ነበር። መልሰን ሰካነው፣ አዲሱንም አላወጣነውም። አሁን ኬብሉ በአዲሱ ላይ ነው፣ አሮጌው ያለ ኬብል ቁጭ ብሎ ማንነቱን ብቻ ያሳያል። ዲስኤብል አለመደረጉ በቂ ሆነልን። የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማክ አድሬሱን በሐሰት ቀይሩት የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፤ እሱ ላይሰንስ ማጭበርበር ነው፣ አልሄድበትም።

ሁለተኛው የኛ አገር በሽታ የሰዓት ጉዳይ ነው። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ስትደክም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ፍሌክስኔት ደግሞ ሰዓት ወደ ኋላ ሲሄድ ጊዜው ያለፈበትን ላይሰንስ ሊያታልሉኝ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ማይነስ 88 ይላችኋል። ቀኑን በእጅ ሲያስተካክሉ ደግሞ ዓመቱን በኛ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ፣ በ2025 ፈንታ 2017 ብለው። ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎ 3 ኤኤም የሚያደርገውንም አይቻለሁ። ቀኑን በስህተት ወደ ፊት ወስዶ መመለስም ያው ጣጣ ነው፤ መሃል ላይ የተፈጠሩ ፋይሎች የወደፊት ቀን ይዘው ስለሚቀሩ ሰዓቱ ትክክል ቢሆንም ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ባትሪዋን ግዙ፣ ርካሽ ናት።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ማይነስ 15 ሰርቨሩን ጭራሽ አላገኘሁትም ነው፤ ፋየርዎሉን (የኔትወርክ ግንኙነት የሚያግደውን) እዩ፣ ከ27000 እስከ 27009 ያሉት ፖርቶችና 2080 ክፍት ይሁኑ። ማይነስ 4 ብልሽት አይደለም፤ ላይሰንሱ ሁሉ ተይዟል፣ አንዱ አውቶካድ ከፍቶ ምሳ ሄዷል። ፋይሉን በኖትፓድ ስታስቀምጡ ከስሙ ኋላ ድብቅ «ቲኤክስቲ» እንዳይለጠፍበት ተጠንቀቁ። ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም አትላኩ፤ መስመሩ ይሰበራል፣ የጥቅስ ምልክቱ ይቀየራል። ፋይሉን እንደ ፋይል ላኩት።

ያለ ሰርቨር ለብቻው የተጫነ ከሆነ ላይሰንሱ ፕሮግራም ዳታ ውስጥ ፍሌክስኔት በሚለው ድብቅ ፎልደር ነው ያለው። ስሙ በ«ቲኤስኤፍ ነጥብ ዳታ» የሚያልቀውን ፋይል አጥፉ የሚል ምክር በየቦታው አለ። ይሰራል፤ ግን አክቲቬሽኑም አብሮ ይሄዳል። 2010 እና ከዚያ በታች ከሆነ አትንኩት። አንድ ወዳጄ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ (ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሲጭን ግራብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያስጀምረው ፕሮግራም) «ሴክተር 32 በፍሌክስኔት ተይዟል» ብሎ ገረመው። ፍሌክስኔት ከፎልደሩ ሌላ ሃርድ ዲስኩ መጀመሪያ ላይም ይጽፋል። ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጡና ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍፍል) የሚነካኩ ሰዎች ላይሰንስ የሚያጡበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን እየሞከርኩ ያለሁት ኦፕሽን ፋይል ነው። ከላይሰንሱ ጎን የሚቀመጥ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ «ታይምአውትኦል» ብላችሁ 1800 ከጻፋችሁበት ለ30 ደቂቃ ያልተነካውን ላይሰንስ ቀምቶ ለሌላው ይሰጣል። ምሳ የሄዱትን ይገላግለናል ብዬ ነው። ሰኮንዱን ስንት ላይ እንዳደረጋችሁት፣ ሰዎቻችሁስ አጉረመረሙ ወይ፣ የሞከራችሁት ንገሩኝ።