ሞተሩን መርምሬ መንገዱን ሳልጠይቅ

የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ በሶፍት ጠረግኩት። መልሼ ከተትኩት፤ ድጋሚ መዘዝኩት። ያው ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ያህል አልፎ ቆሟል። ሶፍቱን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ናፍታ ናፍታ ሸተተኝ። በሁለት ጣቴ ባሸው እንደ ውሃ ቀጥኗል።

«ዘይት ይጨምራል እንዴ ልጄ? እኔ የማውቀው ሲጎድል ነው» አሉኝ አጠገቤ የቆሙት ዶክተር።

ምን ብዬ ልመልስ? መኪናውን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ።

ሥራዬ ያገለገሉ መኪኖችን ለገዢ መመርመር ነው። ዶክተር የመጡት ከዚያ ቀን ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ዕድሜያቸው እናቴን ያክላል። «ብዙ ሠርቻለሁ፤ አሁን የሚመች መኪና ልንዳ» ብለው የኃላፊ መኪና ከምንላቸው ትልልቅ ሴዳኖች ሁለት መርጠው ነበር። ብራንዱን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመኪናው አልነበረም። ሁለቱ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሞዴላቸው አንድ፣ ዓመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው ጥቁር፣ ወንበራቸው ቆዳ። ልዩነቱ ኮፈኑ ሲከፈት ነው። አንደኛው ባለ 2.0 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር የናፍታ ቱርቦ ነው። ሌላው ባለ 3.0 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ነው፤ ቱርቦ የለውም።

«ሞተሩን ከኋላ የተለጠፈው ቁጥር አይነግርም ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ድሮ ይነግር ነበር፤ አሁን አትመኑት። የ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) ቢኤምደብሊው 528አይ ባለ 3.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነው። የ2012ቱ 528አይ ግን ቁጥሩን ሳይቀይር ባለ 2.0 ሊትር አራት ሲሊንደር ቱርቦ ሆኗል። በአነዳድም በጥገናም የማይገናኙ ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ የሞተሩን ኮድ ሳላይ አፌን አልከፍትም።

ያን ቀን ኮዱን አየሁ። ሁሉን አየሁ። የናፍታው ፋይል የጎበዝ ተማሪ ደብተር ይመስላል። ሰርቪሱ አንድም አልተዘለለም፤ 180 ሺህ ኪሎ ሜትሩንም የሄደው አብዛኛውን በረጅም መንገድ ነው። ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሳሁት፤ ያለ አንዳች ኮሽታ ተነሳ። ቤንዚኑ ጋ ስሄድ ግን እጄን ኮፈኑ ላይ ባሳርፍ ሞቋል። ጠረጠርኩ። ቀድሞ መኪናውን የሚያሞቅ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለው። የላላ ካቴና፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት፣ የሚንሿሿው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ከሞቀ በኋላ ዝም ሊል ይችላል። ካቴናው በካምቢዮ በኩል የተገጠመባቸው ሞተሮች ደግሞ አሉ፤ እነሱ ላይ ካቴና መቀየር ማለት ሞተር ወይ ካምቢዮ ማውረድ ነው። «ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ልየው» ማለት እችል ነበር። አርብ ማታ ነበር፤ አላልኩም። በኋላ እንደሰማሁት ሻጩ መኪናውን ከሥራ ቦታው እየነዳ መምጣቱ ነበር። ሌላ ተንኮል የለውም።

ከዚያ ወደ ነዳጁ ሂሳብ ገባሁ። ናፍታው በ100 ኪሎ ሜትር ስድስት ሊትር ገደማ፣ ቤንዚኑ ከተማ ውስጥ ከአሥር በላይ። ይሄ ምን ያከራክራል? ሪፖርቱ ላይ «ናፍታው ይሻላል» ብዬ ፈረምኩ። ዶክተርም አመኑኝና ገዙት።

አሁን ሶፍቱን እንደያዝኩ፣ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ።

«ዶክተር፣ በቀን ምን ያህል ይነዳሉ?»

«ከቤት ክሊኒክ ነዋ። ሦስት ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ለምሳ ቤት እገባለሁ፤ ተመልሼ እወጣለሁ።»

«ቅዳሜና እሁድስ? ራቅ ያለ ቦታ አይሄዱም?»

«እኔ? ቅዳሜና እሁድ እተኛለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመናዊ የናፍታ መኪና በጭስ መውጫው መስመር ላይ የጥላሸት ማጣሪያ አለው፤ እኛ ዲፒኤፍ እንለዋለን። ጥላሸቱን ይይዛል፤ ሲሞላ ደግሞ እዚያው ያቃጥለዋል። ለማቃጠል የጭሱ ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ መድረስ አለበት። እዚያ ለማድረስ ብዙዎቹ ሞተሮች ዘግየት ብለው ትርፍ ናፍታ ይረጫሉ። ያ ናፍታ ሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን ጭሱ መስመር ላይ እንዲነድ ነው። መንገዱ ረጅም ከሆነ ሩብ ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ይጨርሳል፤ ሹፌሩም ልብ አይልም። መሃል ላይ ሞተሩ ከጠፋ ግን ሥራው ይቋረጣል። በሌላ ጊዜ ይጀምራል፤ ደግሞ ይቋረጣል። ከትርፉ ናፍታ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ታች ካለው ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የዶክተር ዘይት «የጨመረው» ለዚህ ነው። እንዲህ የቀጠነ ዘይት ቱርቦም፣ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን ብሮንዚናም ይጨርሳል።

የሚገርመው፣ ናፍታን የምናወድስበት ቆጣቢነቱ ራሱ እዚህ ላይ ዞሮበታል። ከነዳጁ ጉልበት በሙቀት የሚያባክነው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ አይሞቅም። የዶክተር መኪና ክሊኒኩ በር ላይ ሲቆም ገና መሟሟቅ ላይ ነው።

ለካ ምልክቱንም አይተውታል። «ካጠፋሁት በኋላ ቬንቲላተሩ ብቻውን ይዞራል። ትኩሳት የያዘው ሰው ይመስላል እል ነበር» አሉ። ኮምፒውተር ሳደርገው ተጀምሮ ያልተጨረሰ ማቃጠል 11 ጊዜ ተመዝግቧል።

«አየህ ልጄ፣ እኔ ጥርስ ከመንቀሌ በፊት የቱ ጋ እንደሚያምህ እጠይቅሃለሁ።»

ሳቅ ብለው ነው ያሉት። እኔን ግን አላሳቀኝም።

አንዱ ባልደረባዬ «ማጣሪያውን ከፍተን ሆዱን እናውጣለትና እንገላገል» አለ። ይሄን የሚሠራ ጋራዥ ሞልቷል። እኔ አልነካውም። በብዙ አገር ሕገ ወጥ ነው። ሕጉ ባይከለክል እንኳ ያ ጥላሸት የሚገባው ከኋላ ያለው ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። ማጣሪያው ደግሞ ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ናፍታው ፔጆ 607፣ ያውም ትልቅ ሴዳን፣ ማጣሪያው ከፋብሪካው ተገጥሞለት ነበር የሚሸጠው።

ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀየርኩ። ዘይቱ የጥላሸት ማጣሪያ ላላቸው መኪኖች የተሠራው፣ አመዱ አነስተኛ የሆነው መሆን አለበት። ጥላሸት ይቃጠላል፤ ከዘይት የሚመጣ አመድ ግን አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ዶክተርን ይዤ ረጅም መንገድ ወጣሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳንቆም ነዳሁ። ስክሪኑ ላይ የጥላሸቱ መጠን ቀስ እያለ ወረደ። እሳቸው ስክሪኑን አላዩም።

«እንዲህ ይሄዳል እንዴ ይሄ መኪና!» አሉ። ሰባት ወር ሙሉ ከሦስተኛ ማርሽ ማለፉን እጠራጠራለሁ።

መኪናውን የወንድማቸው ልጅ ወሰደው፤ በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚመላለስ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የማጣሪያው የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። ለዶክተር ቤንዚን መፈለግ ጀመርን። ቤንዚን ሁሉ ደግሞ መልአክ አይደለም። ነዳጁን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ብቻ የሚረጩት የመግቢያ ቫልቫቸው ላይ ካርቦን ይጋገራል፤ ቫልቩን የሚያጥበው ነዳጅ የለማ። አጭር መንገድ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከቫልቩ በፊት የሚረጭ፣ ቱርቦ የሌለው፣ የድሮውን ዓይነት ስድስት ሲሊንደር ፈለግኩ። ያኔ የጣልኩት መኪና እንዲህ ያለ ነበር፤ ተሽጦ ሄዷል። ሌላ ለማግኘት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀዝቅዞ እንዲነሳ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው ሄጄ ያየሁት። ለምርመራው አላስከፈልኩም፤ ዶክተርም ልክፈል አላሉም።

የምርመራ ቅጹ ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ በላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? ስንት ጊዜ ይነሳል?» አለቃዬ «ኪሎ ሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ የለም እንዴ?» አለኝ። የመኪናውን ሳይሆን የሰውየውን ነው አልኩት።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ለዘይት መጡ። በዓመት 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሄድ መኪና ዘይት በወር እንጂ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም ብለን ተስማምተናል።

«ነዳጅ ይበላል» አሉኝ።

«ይበላል» አልኳቸው። ዘንጉን መዝዤ በሶፍት ጠረግኩት። ሶፍቱን ከእጄ ተቀበሉና አሸተቱት።